«ፍቅር ነው» ተብሎ የተሰጠ ፍርድ

ሽልማት ፍርድ ነው። አንድ የዳኞች ጉባኤ ከብዙ ድርሰቶች መካከል አንዱን አንሥቶ «ይህ ይበልጣል» ሲል፣ ስለ ቋንቋው ውበትና ስለ ታሪኩ አወራረድ ብቻ የተናገረ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚያው ቃሉ የትኛው ትዝታ በትምህርት ቤት እንዲነበብ፣ የትኛው በመድረክ እንዲታይ፣ የትኛውስ በዝምታ እንዲቀበር አብሮ በይኗል። ይህ ሐቅ ለማናቸውም የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ የሚሠራ ቢሆንም፣ ታሪካዊውን የፍቅር ልብ ወለድ ያህል አጥብቆ የሚመለከተው የለም። ምክንያቱም ፍቅር ምሕረት የሚያሰጥ ጉዳይ ነው። «ይህማ የፍቅር ታሪክ ነው» በተባለ ጊዜ ዳኛው ብዕሩን ያለዝባል፤ ሐያሲው አፉን ይይዛል፤ አንባቢውም ሁለቱ ልቦች ይገናኙ እንደሆነ ከመጓጓት በቀር፣ የሚገናኙበት ቤት በማን ጉልበት እንደ ተሠራ አይጠይቅም።

ዛሬ የዚህ ዘርፍ ድርሰት በዓለም ላይ እንደ አሸን ፈልቷል። አንድ ደራሲ የፈጠራቸውን ሰዎች የወደዱ አንባቢያን ታሪኩን ራሳቸው እየቀጠሉ፣ እየለወጡ፣ የተለያዩትን እያገናኙ የሚጽፉት፣ በእንግሊዝኛ ስሙ «ፋን ፊክሽን» የሚባለው ተቀጥላ ድርሰትም የራሱ ውድድርና የራሱ ዳኞች አሉት። ዳኞቹም በየውድድሩ «ከሁሉ የወደድናቸው» የሚሏቸውን ታሪካዊ የፍቅር ታሪኮች ይመርጣሉ። መውደድ ግን ብቻውን መመዘኛ አይሆንም። ዳኛ የወደደውን ከመናገሩ በፊት ለምን እንደ ወደደው፣ ይወደውም ዘንድ ከዓይኑ ምን እንደ ተሰወረበት መመርመር ግዴታው ነው። ይህ ግዴታ ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል ለማሳየት ከሁሉ የታወቀውን አንድ ጉዳይ ማንሣት ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል፣ በአማርኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ የሚታወቀውን ልብ ወለድ አሳተመች። መጽሐፉ በስድስት ወር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ፤ በተከታዩ ዓመት በ1937 ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት የሚሰጠውን የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ታሪኩ ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደውን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትና ከዚያ በኋላ የነበረውን ዘመን ይሸፍናል። ስካርሌት ኦሃራ በጆርጂያ ግዛት፣ ታራ በተባለ የጥጥ እርሻ ያደገች የባለርስት ልጅ ነች። አሽሊን ትወዳለች፤ እርሱ ሌላ ያገባል። ሬት በትለር እርሷን ይወዳታል፤ እርሷ ፍቅሩን የምታውቀው ግን ከመሸ በኋላ ነው። ጦርነቱ ቤቷን ያራቁተዋል፤ ረኀብ ይገባል፤ እርሷም ዳግመኛ ላለመራብ ትምላለች። ሴት ልጅ በአባቷና በባሏ ጥላ ሥር ብቻ እንድትኖር በሚፈለግበት ማኅበረሰብ ውስጥ ነግዳ፣ አታልላ፣ ተዋርዳም ቢሆን በእግሯ የምትቆም ሴት በመሣል ረገድ ሚቸል ብርቱ ደራሲ መሆኗን መካድ አይቻልም። ሕዝብ የወደደው ይህን ነው። ዳኞቹም የወደዱት ይህንኑ ነው።

ያላዩት ምንድን ነው? ጦርነቱ ሲጀመር በአሜሪካ አራት ሚሊዮን ያህል ጥቁር ሕዝብ በባርነት ቀንበር ሥር ነበር። እንደ ታራ ባሉ እርሻዎች ጥጡን የዘራው፣ የለቀመው፣ የባለርስቷንም ልጅ ቀሚስ ያሰረላት እጅ የዚህ ሕዝብ እጅ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን ይህ ሕዝብ ጌቶቹን የሚወድ፣ ነጻነት የሚያስፈራው፣ ብቻውን ሲተው እንደ ሕፃን የሚባክን ሆኖ ቀርቧል። ስካርሌትን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገችው ሴት የራሷ ስም እንኳ የላትም፤ «ማሚ» ተብላ ትገባለች፤ «ማሚ» ተብላ ትወጣለች። ማንን ወድዳ ነበር? ማን ተሸጦባታል? በአንድ ሺህ ገጽ ፍቅር ውስጥ ይህን የሚጠይቅ አንድ ገጽ አልተገኘም። የስካርሌት ሁለተኛ ባል ፍራንክ ኬኔዲና የምትወደው አሽሊ፣ ጥቁሮችን በሌሊት እየወረረ ይገርፍና ይገድል የነበረው የኩ ክለክስ ክላን ማኅበር አባላት ናቸው፤ ፍራንክ በዚሁ ዘመቻ ሲሞት አንባቢው እንዲያዝን ይጋበዛል። ስካርሌት በእንጨት መሰንጠቂያዋ የምታሠራው ከመንግሥት በኪራይ የወሰደቻቸውን እስረኞች ነው። ይህ የእስረኛ ኪራይ፣ ባርነት በሕግ ከተሻረ በኋላ ጥቁሮችን መልሶ በግዴታ ሥራ ከጠመዱት ዋና ዋና ዘዴዎች አንዱ እንደ ነበር ታሪክ መዝግቦታል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል ያገሬው ሰው። በዚህ ልብ ወለድ ግን የተወጋው ራሱ ረስቶ፣ ወጊውን ሲያጽናና ይታያል።

ለዳኞቹ ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች በመጀመሪያ «ዘመኑ እንዲያ ነበር፤ የዛሬን ዓይን ለትናንት ሰው ማዋስ አይገባም» ይላሉ። ይህ መከራከሪያ ከማስረጃ ጋር አይገጥምም። ታላቁ ጥቁር ምሁር ደብልዩ. ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ ባሮቹ ራሳቸውን ነጻ ለማውጣት ያደረጉትን ተጋድሎ፣ ከጦርነቱ በኋላም ትምህርት ቤትና አስተዳደር ለማቋቋም የጣሩትን ጥረት በሰፊ የታሪክ ጥናት ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ ከሚቸል መጽሐፍ አንድ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ልብ ወለድ ካስፈለገም ዊልያም ፎክነር «አብሰሎም፣ አብሰሎም!» የተባለውን ሥራውን ያሳተመው በዚያው በ1936 ነበር። በዚያ ድርሰት ውስጥ በባሪያ ጉልበት ታላቅ ቤት ያቆመ ሰው፣ የጥቁር ደም ያለበትን የገዛ ልጁን በመካዱ ቤቱ ከነዘሩ ይፈርሳል። ሽልማቱ ወደዚያ አልሄደም። ሁለቱም ደራስያን ነጮች ናቸው፤ ሁለቱም የደቡብ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱ የቆዳ ቀለም አልነበረም። ልዩነቱ አንዱ ደራሲ ቤቱን ከመሠረቱ ሲያይ፣ ሌላይቱ ከሰገነቱ ላይ በማየቷ ነው። የሽልማቱ ደንብ በዚያን ጊዜ የአሜሪካን ሕይወት ለሚመለከት ልብ ወለድ ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። ዳኞቹ የአሜሪካ ሕይወት ብለው የመረጡት የታራን ሰገነት ነው፤ ከጓሮው ያለው የባሮች ጎጆ በእነርሱ ዓይን አሜሪካ አልነበረም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ስለ ደራሲዋ ደግነት የሚነገረው ነው። እውነት ነው፤ ሚቸል በ1940ዎቹ በአትላንታ የሚገኘው የጥቁሮች ሞርሃውስ ኮሌጅ ተማሪዎች ሕክምና እንዲማሩ በስውር ገንዘብ ሰጥታለች። ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ክርክሩ ስለ አንዲት ሴት ልብ አይደለም። ሰው በኪሱ የረዳውን ወገን በብዕሩ ሊያዋርድ ይችላል፤ ዳኛ የሚመዝነውም የደራሲውን ምጽዋት ሳይሆን የጻፈውን ነው።

ከዚህ ፍርድ የተወለደው ምን እንደሆነ ፊልሙ አሳይቷል። ታኅሣሥ 15 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. ፊልሙ በአትላንታ ሲመረቅ፣ ማሚን ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በከተማይቱ የዘር መድልዎ ሥርዓት ምክንያት በምረቃው ላይ አልተገኘችም። በ1940 የኦስካር ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች፤ በሽልማቱ ምሽት የተቀመጠችው ግን ከባልደረቦቿ ተነጥላ፣ ጥግ ላይ በተዘጋጀላት ትንሽ ጠረጴዛ ነበር። ስም የለሽ ገረድ ሆና ስትጫወት ተጨበጨበላት፤ ባለ ስም ተዋናይት ሆና ከእኩዮቿ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ ግን ተከለከለች። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች የክላንን ስም ከታሪኩ ሰርዘው ዘመቻውን እንዳለ አቆዩት። ስሙ ቢጠራ ኖሮ ፍቅሩ ደም ደም ይሸት ነበርና።

በኢትዮጵያ ነባር የሙግት ሥርዓት፣ በበላ ልበልሃ፣ አንዱ ወገን ብቻ ተናግሮ ፍርድ አይሰጥም። ከሳሽም ተከሳሽም በአደባባይ ቆመው፣ ቃል በቃል እየተጣጣሉ፣ ሕዝብ እየሰማ ይሟገታሉ። የተቀጥላ ድርሰት ክብሩ እዚህ ላይ ነው። ያልተሰማው ወገን ይግባኝ የሚልበት አደባባይ ሊሆን ይችላል። ይችላል እንጂ ሁልጊዜ ነው ማለት አይደለም፤ ይህም በዚሁ በሚቸል ልብ ወለድ ላይ በተጻፉት ተቀጥላዎች ተረጋግጧል።

ሚቸል ተከታይ ክፍል ሳትጽፍ በ1949 ሞተች። እ.ኤ.አ. በ1991 ወራሾቿ ፈቅደው አሌክሳንድራ ሪፕሊ «ስካርሌት» የተባለውን ተከታይ አሳተመች። ስካርሌት ወደ አየርላንድ ተሻግራ፣ ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ ከሬት ጋር ትገናኛለች። መጽሐፉ በገፍ ተሸጠ፤ ማንም ፍርድ ቤት አልቆመም። በ2001 ግን አሊስ ራንዳል የተባለች ጥቁር ደራሲ ያንኑ ዓለም ገልብጣ ጻፈችው። ተራኪዋ ሲናራ ከማሚና ከባለርስቱ የተወለደች፣ የስካርሌት የአባት ልጅ እህት ነች፤ ታሪኩን የምትነግረው ከጓሮው ጎጆ በኩል ነው። ወራሾቹ ወዲያው ከሰሱ። በአትላንታ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2001 መጽሐፉ እንዳይወጣ አገደ፤ በግንቦት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እግዱን አነሣ፤ በ2002 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፤ አሳታሚውም በስምምነቱ መሠረት ለሞርሃውስ ኮሌጅ ስጦታ ሰጠ። በመጨረሻም በ2014 ወራሾቹ ራሳቸው በፈቀዱት፣ ዶናልድ ማክኬግ በጻፈው ሌላ ተቀጥላ ውስጥ ማሚ «ሩት» የሚል ስም ተሰጣት። አንዲት ሴት የራሷን ስም ለማግኘት 78 ዓመትና የባለንብረት ፈቃድ አስፈለጋት ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ተቀጥላ አለ። አንደኛው ለታላቁ ቤት አንድ ክፍል ይጨምራል፤ መጋረጃውን ይለውጣል፤ የተለያዩትን ያጋባል። ሁለተኛው የቤቱን የጓሮ በር ከፍቶ የነበሩትን ሰዎች ያስገባል። የፊተኛው ያስደስታል፤ ገበያም አለው። የኋለኛው ያስከስሳል። «ከሁሉ የወደድነው» የሚለው የዳኞች መመዘኛ ወደ ፊተኛው ማዘንበሉ የታወቀ ነው፤ የሚያስደስተውን ለመውደድ ድፍረት አያስፈልግምና።

ይህ የትናንት ስሕተት ብቻ ነው ብሎ የሚጽናና ሰው ቢኖር የቅርቡን ይመልከት። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር በ2018 በሰጠው መግለጫ፣ ታላቁን ዓመታዊ ሽልማቱን አንድም ጥቁር ደራሲ አሸንፎ እንደማያውቅ አመነ፤ ጥቁር ደራስያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፉት በ2019 ነው። የዚሁ ሽልማት ዳኞች በ2015 በሁለት ዘርፎች ለመጨረሻው ዙር ካሳለፏቸው መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ አስቴርን አንሥቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ በናዚ ካምፕ ዳግመኛ የጻፈ ልብ ወለድ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ አስቴር ሕዝቧን ከሐማ ሤራ ታድናለች። በልብ ወለዱ ደግሞ አይሁዳዊቷ ወጣት የምትወድደው የቴሬዝየንሽታትን ካምፕ አዛዥ፣ የናዚውን መኮንን ነው። ወደ ቴሬዝየንሽታት ከ140,000 በላይ አይሁድ ተግዘዋል፤ 33,000 ያህሉ እዚያው አልቀዋል፤ 88,000 ያህሉ ወደ ምሥራቅ፣ አብዛኞቹ ወደ ሞት ተጭነዋል። የሐማን ሎሌ በንጉሡ ዙፋን ላይ አስቀምጦ አስቴርን ለእርሱ መዳር ምን ዓይነት ተቀጥላ ነው? ዳኞቹ ግን ያዩት ሁለት ልቦችን ብቻ ነበር።

በ2021 የሆነው የባሰ ነው። ያው ማኅበር ስሙን በለወጠው ሽልማቱ፣ ጀግናው በዉንድድ ኒ እልቂት የተሳተፈ የፈረሰኛ ጦር መኮንን የሆነበትን ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ሸለመ። ጀግናው ይጸጸታል፤ ጸጸቱም በጸሎትና በአንዲት ሴት ፍቅር ይታጠብለታል። ቁጣ ሲነሣ ማኅበሩ ሽልማቱን ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰረዘ። ታኅሣሥ 29 ቀን 1890 እ.ኤ.አ. በዉንድድ ኒ የአሜሪካ 7ኛ ፈረሰኛ ጦር የገደላቸው የላኮታ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ቁጥራቸው ከ150 እስከ 300 ይገመታል። ለዚህ ሥራቸው ሃያ ያህል ወታደሮች የሀገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸልመዋል፤ በ2025ም የአሜሪካ የመከላከያ ሹም ሜዳሊያዎቹ እንደማይነጠቁ አስታውቋል። የጦሩ ሸላሚና የሥነ ጽሑፉ ሸላሚ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ በአንድ መቃብር ላይ ተገናኙ። የተገደሉት ሰዎች በጸጸቱ ታሪክ ውስጥ ያላቸው ድርሻ የገዳዩን ነፍስ ማሳመሪያ መሆን ነው። ይቅርታ ከተባለ ይቅር ባዩ ማን ነው? ሙታኑ አልተጠየቁም፤ የልጅ ልጆቻቸውም በዳኞቹ ወንበር ላይ አልነበሩም።

እዚህ ላይ «ኪነ ጥበብን በፖለቲካ ልጓም መሳብ ነው» የሚል ድምፅ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው። ማንም ማንኛውንም ፍቅር የመጻፍ መብት አለው፤ የማሳተም መብት አለው፤ የመነበብም መብት አለው። የመሸለም መብት የሚባል ግን የለም። መጽሐፍ ማገድና መጽሐፍ አለመሸለም ሰማይና ምድር ናቸው፤ እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ወይ ሳንሱርን አያውቅም፣ ወይም ዳኝነትን ይንቃል። እንዲያውም በራንዳል ላይ እግድ የጠየቁት የታላቁ ቤት ወራሾች እንጂ የጓሮው ልጆች አልነበሩም።

የሚቸል መጽሐፍ ኃይለኛ መሆኑንም ከኢትዮጵያውያን በላይ ምስክር የለም። ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ነቢይ መኮንን ይህን ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው በደርግ ዘመን በእስር ላይ ሳለ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ነው። በሺህ የሚቆጠሩት ቁርጥራጭ ወረቀቶች ተሸሽገው ከእስር ቤት ወጥተው በኋላ መጽሐፍ ሆነዋል። ስለ ርእሱም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የእንግሊዝኛው ርእስ ነፋስ ጠርጎ ስለ ወሰደው የባለርስቶች ዓለም የሚያለቅስ ሙሾ ነው። ነቢይ ያን ሙሾ ትቶ ለመጽሐፉ የሰጠው ስም በልብ ወለዱ ማብቂያ ላይ ያለውን የነገ ተስፋ ነው። የአማርኛው ርእስ ስለ ጠፋው ርስት አያለቅስም፤ ሌሊቱ እንደሚነጋ ይናገራል። በአንድ የርእስ ምርጫ እስረኛው ተርጓሚ በ1937 ከተሰየሙት ዳኞች የተሻለ አነበበ። ኃይለኛ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ንቁ አንባቢ ይሻል፤ የተኛ ዳኛ ግን ያንኑ ኃይል ለሙሾው ያውለዋል።

ይህ ጉዳይ የባሕር ማዶ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር የኢትዮጵያ መምህር፣ የኪነት ሰውና የባህል ካድሬ ሁሉ በየወንበሩ ሊያስብበት ይገባል። መለኪያው እዚሁ በእጅ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደ ሚቸል መጽሐፍ ሁሉ የባለርስት ልጅ የፍቅር ታሪክ ነው። ነገር ግን የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ፍቅር የሚያፈርሰው ነፋስ አይደለም፤ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ትምክሕት ነው። በዚያው ልብ ወለድ ውስጥ ጭሰኞቹ ከልማድ ያለፈ ግብር ሲጫንባቸው እምቢ ይላሉ፤ በአበጀ በለው መሪነት ይነሣሉ፤ ፊታውራሪም ይማረካሉ። ጉዱ ካሣ ከቤተ ዘመዱ መካከል ቆሞ የቤተ ዘመዱን ሥርዓት ይከሳል። አንባቢ ለሰብለ ያለቅሳል፤ ሲያለቅስ ግን አባቷ የተቀመጡበት ወንበር በማን ትከሻ ላይ እንደ ቆመ ያውቃል። በዚህም እንባው አልቀነሰም፤ ይልቁንም ጨመረ። እውነት ፍቅርን ያደርቃል የሚሉ ሁሉ ለዚህ መጽሐፍ መልስ የላቸውም።

ይሁን እንጂ ይህ ቅርስ ያላት ሀገር ከፈተናው ነጻ አይደለችም። በየትምህርት ቤቱና በየባህል አዳራሹ ለውድድር የሚቀርቡ የቤተ መንግሥት ፍቅሮች፣ የንጉሥና የእመቤት ናፍቆቶች፣ የጀግናና የወይዘሮ ስንብቶች ምን ጊዜም አይጠፉም። በእነዚያ አዳራሾች ውስጥ ውሃ የቀዳችው፣ ወፍጮ የፈጨችው፣ የእመቤቲቱን እግር ያጠበችው ማን ናት? ባርነት በኢትዮጵያ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. አዋጅ መሆኑን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ስም የለሽ ሆነው የኖሩ «ማሚዎች» በኢትዮጵያም ምድር እንደ ነበሩ መዘንጋት፣ የአትላንታን ስሕተት በአማርኛ መድገም ነው። የሌላውን ጓሮ አይቶ የራስን አለማየት የዳኛ ሳይሆን የአድር ባይ ጠባይ ነው።

ስለዚህ ታሪካዊ የፍቅር ድርሰት ወይም የእርሱ ተቀጥላ በፊቱ የቀረበለት ዳኛ፣ ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስም የሌለው ማን ነው? ሁለቱ እንዲታረቁ ወይም እንዲገናኙ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ታሪኩ በከፋዩ አፍ ቢነገር ፍቅሩ ይቆማል ወይስ ይፈርሳል? ድርሰቱ ለእነዚህ ጥያቄዎች በራሱ መንገድ መልስ ያለው እንደሆነ፣ ቅርጹ ያማረ፣ ቋንቋውም የሰላ ከሆነ ያለ ስስት ይሸለም። መልስ የሌለው እንደሆነ ግን የቱንም ያህል እንባ ቢያስነባ፣ ለአንባቢው ይተው እንጂ የሕዝብ ማኅተም አይደፋበት።

«ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ተብሏል። ስም የለሾቹ ለመናገር ዳኛ ሲጠብቁ ኖረዋል። በየውድድሩ ወንበር ላይ የሚሰየሙ ሁሉ በሚቀጥለው ጊዜ የድርሰቶቹን ክምር ሲገልጡ፣ ከመካከላቸው የማሚን ታሪክ በራሷ አፍ የጻፈ አንድ ወጣት ሊኖር እንደሚችል አስበው ያንብቡ። እርሱ የጻፈው ከሌሎቹ ያነሰ ጣፋጭ ሊሆን ይችላል፤ ያን ድርሰት ሳያነቡ ግን ፍርዱን አይዝጉት።